እግሬ ለቦራ የነገረው

ከወገቤ በታች ምንም አይሰማኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከንፈር እንድትመጥጡልኝ አይደለም፤ እስካሁን የተመጠጠልኝ ከንፈር እስከ ዕለተ ሞቴ ይበቃኛል። እንዲያውም መምጠጥ የጀመረ ካለ እዚሁ ላይ ይተውልኝና ወደ ወጌ ልግባ። የማወጋችሁ አንድ ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። ከዚያ ቅዳሜ በፊት የነበረችው አንጓችና ዛሬ ይህን የምትጽፈው አንጓች አንድ ሰው አይደሉም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ተወልጄ ያደግሁት ከእንጅባራ ብዙ በማይርቅ፣ በዘንገና ሐይቅ በኩል ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። በእኛ አገር ፈረስ እንዲሁ የጭነት ከብት አይደለም። ይታረስበታል፣ ሙሽራ ይመጣበታል፣ ለቅሶ ይደረስበታል፣ በጥር ደግሞ ፈረሰኛው ሁሉ ተሸላልሞ እንጅባራ ይወጣና ከተማው በኮቴ ድምፅ ይናጣል። አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ሴት ናት ብሎ ሳይከለክለኝ ከፊቱ እያስቀመጠ አሳደገኝ። እሱ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ እኔም አንድ ውርንጭላ ገርቼ ራሴን የቻልኩ ፈረሰኛ ሆንኩ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ አልነው፤ ስም ለማውጣት ብዙ አልተጨነቅንም።

ቦራን የገራሁት በእግሬ ነው። አንዳንዱ ሰው ፈረሱን የሚያዘው ልጓም እየሳበ፣ አፉን እያደማ ነው። እኔ ለዚያ አንጀቴ አልቻለም። በቀኝ እግሬ ጎኑን ስነካው ወደ ግራ ይዞራል፣ በግራ ስነካው ወደ ቀኝ፣ በሁለቱም ተረከዜ መታ መታ ሳደርገው ሽምጥ ይጋልባል። ዛቡን፣ የልጓሙን ማሰሪያ፣ የምይዘው ለወጉ ያህል ነበር። ሌሎቹ ፈረሰኞች ይህን አይተው «አንችና ቦራ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ክረምት አዲስ ቅዳም ከተማ ደርሼ ስመለስ የተሳፈርኩበት ከሰል የጫነ መኪና ጭቃ አንሸራቶት ተገለበጠ። ሌላው ተሳፋሪ ጥላሸቱን አራግፎ ተነሣ፤ እኔ አልተነሣሁም። ስለ ሐኪም ቤቱ፣ ስለ ጠበሉ፣ ስለተሳልነው ስለት ብተርክ ወረቀቱ አይበቃም፤ ይቅር። በመጨረሻ ዊልቸር ላይ ተቀመጥኩ። ቦራ ገጠር ይበልጣል የሚባለው ታላቅ ወንድሜ ዘንድ ቀረ፤ እኔ እንጅባራ መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ልብስ መስፋት ጀመርኩ። የስፌት መኪናዬ በእግር የሚረገጥ ሳይሆን በእጅ የሚዞር ነው። እጄ ደግሞ እግዜር ይመስገን እንደ ምላሴ ነው፣ አይደክምም።

ከሁሉ የሚበዛው ሥራዬ የፈረስ ልብስ ሆነ። የጥር በዓል ሲቃረብ ሱቄ ኮርቻ ላይ በሚደረብ ግላስና በቀይ፣ በአረንጓዴ ዘርፍ ይሞላል። የሰውን ፈረስ እንደ ሙሽራ አለብሳለሁ። በበዓሉ ቀን ፈረሰኞቹ በፊቴ ሲያልፉ በሬ ላይ ተቀምጬ የራሴን ስፌት ከሩቅ እለያለሁ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ እኔም አጨበጭባለሁ፣ ካለፉ በኋላ በሩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

ሰው የሚመስለው መራመድ የናፈቀኝ ነው። መራመድስ ይቅርብኝ፤ የናፈቀኝ ፈረስ ነበር። ዊልቸር ላይ ስትቀመጡ ገበያ መሐል የምታዩት የሰው ቀበቶና የሰው ዘንቢል ነው። ፈረስ ላይ ግን ከአጥሩ ማዶ ያለው ጓሮ ይታያል፣ የድንች ማሳው እስከ ጫፉ ይታያል፣ ሰው ሲያነጋግራችሁ ቀና ይላል። ሊጠገን የመጣ ግላስ ሲሰጠኝ ባለቤቱ እስኪሄድ ጠብቄ አፍንጫዬን እቀብርበት ነበር፤ የፈረስ ላብ ይሸታል። በሕልሜ ስራመድ አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ እየጋለብኩ ነው፤ ስነቃ የማየው ጣራውን ነው።

ይህን ናፍቆቴን የሚያውቁት አያ ቸኮል ብቻ ነበሩ። አያ ቸኮል የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ጊዜ ስማቸው እስከ ዳንግላ የሚጠራ ፈረሰኛ ነበሩ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ እሳቸውም ፈረስ ላይ መውጣት ትተዋል። ከተማ በወጡ ቁጥር ሱቄ እየመጡ ይቀመጣሉ። ሁለት ከፈረስ የወረድን ሰዎች፣ የሚያልፈውን ኮቴ እየሰማን ይሄ የእገሌ ነው፣ ይሄ ፊተኛ ግራው ያመዋል እየተባባልን እንውላለን።

አንድ ቀን በስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኋቸው። ባሕር ዳር ዊልቸሩን ስቀበል የተዋወቅኋት አንዲት የአካል ሕክምና ባለሙያ ናት የላከችልኝ። በውጭ አገር እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚጫወቱበት ዕቃ ነው፤ እግሩ የማይሠራ ሰው ተቀምጦ በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት ወንበር፣ በእጅ የሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት፣ ማየት ለተሳናቸው ውስጡ ቃጭል ያለበት ኳስ። እኔን የገረመኝ ዕቃው ብቻ አልነበረም። እኛ ዘንድ አካል ጉዳተኛ እንጀራ ካገኘ ተመስገን ነው፤ መጫወትም ያምረዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በመጨረሻ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ ከኋላው ከፍ ያለ መደገፊያ ባለው ኮርቻ ላይ ወገቧን በቀበቶ ታስራ በፈረስ ትሄዳለች።

አያ ቸኮል ደጋግመው አሳዪኝ አሉ። የስልኩ ባትሪ ሊያልቅ ሲል «ፈረሱ ቢወድቅ ይችን ሴትዮ ማን ይፈታታል?» ብለው ጠየቁኝ። ቀበቶው ላይ ቁልፍ አለ፣ ሲጫኑት ይለቃል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ረሱት ብዬ ነበር።

አልረሱትም። ዳንግላ ያለ አንድ ኮርቻ ሠሪ ወዳጃቸው ዘንድ ሲመላለሱ ከርመው አንድ ቀን እንደ ሴትዮዋ ያለ ኮርቻ በሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭነው ይዘው መጡ። መደገፊያው ከዋንዛ የተጠረበ፣ በቆዳ የተለበጠ ነው። መቀመጫውን የበግ ቆዳ ከነፀጉሩ አልብሰውታል፤ እኔ ስለማይሰማኝ ገላዬ ሳላውቀው እንዳይቆስል። ቀበቶው ከአሮጌ ሚኒባስ ወንበር የተፈታ ነው። በሚኒባስ ማንም የማያስረው ቀበቶ መጨረሻው ፈረስ ላይ ሆነ ብዬ ሳቅሁ። የወጣትነቴ ሁሉ ናፍቆት መሬት ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

እናቴ ግን ኮርቻውን ባየች ጊዜ ፊቷ ጠቆረ። እናቴ ገጠር ከወንድሜ ጋር ነው የምትኖረው፤ ለገበያ ስትወጣ ወደ ሱቄ ጎራ ትላለች። መደገፊያውን በእጇ ዳሰሰችና «ይህን እንጨት አውቀዋለሁ» አለች።

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አባቴ የሞተው በጫግኒ በኩል ቆላ ለእህል ንግድ ወርዶ፣ ወባ ይዞት ነው። ሰዎቹ ሬሳው እንዳይታጠፍባቸው ከጀርባው እንጨት ደግፈው፣ በጋቢው ጠቅልለው፣ ከበቅሎ ጋር አስረው አመጡት። እናቴ ከሩቅ ስታየው ቀና ብሎ ተቀምጦ የመጣ መሰላት። ደስ ብሏት እራት ልታቀርብ ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲያ እናቴ ስለ በቅሎ ሲወራ እንኳ ተነሥታ ትወጣለች።

«ሰው ከብት ላይ የሚታሰረው ሲሞት ነው» አለችኝ። «እኔ ቆሜ እያለሁ አንች እዚህ ላይ አትታሰሪም። ከፈለግሽ እኔን ቅበሪኝና ውጭበት።»

ምን ይባላል? ትልቅ ሴት ነኝ፣ ራሴን አስተዳድራለሁ፣ ግን እናት እናት ናት። ኮርቻውን ጨርቅ አልብሼ ጥግ አስቀመጥኩት። ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ አብሮኝ ያድራል። ቀን ስሰፋ ዓይኔ እየሄደ ያርፍበታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ብወጣበትና ቢበቃኝ እያልኩ እንደ ሕፃን እለምን ነበር። ማንን እንደምለምን እንኳ አላውቅም።

በመጨረሻ ከአያ ቸኮልና ከይበልጣል ጋር ተማከርን። እናቴ ቅዳሜ ድንች ይዛ ወደ እንጅባራ ገበያ ትወጣለች፤ እሷ ስትወጣ እኛ በባጃጅ ወደ ገጠር እንወርዳለን፣ ከመመለሷ በፊት ጨርሰን እንገኛለን። ይበልጣል መጀመሪያ እንቢ አለ። እናታችንን ከእኔ የበለጠ ይፈራታል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በመጨረሻም «የራስህ እግር ቢሆን የእማን ፈቃድ ትጠብቅ ነበር?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረስን። ሜዳው ሣሩ ገና እርጥብ ነው። ከሜዳው በታች ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ይበልጣል ቦራን እየሳበ መጣ። ሸምግሏል፤ ሆዱ ወረድ፣ ጀርባው ጎበጥ ብሏል። ከአደጋው ወዲህ ይህን ያህል ቀርቤው አላውቅም ነበር። አወቀኝ ብዬ ልዋሽ አልፈልግም። ዊልቸሩን አይቶ ደነበረ፣ ጎማውን አሽትቶ አስነጠሰ፣ እጄን አንድ ጊዜ ነካ አደረገና ፊቱን ወደ ሣሩ አዞረ። ልቤ ስብር አለ። ለእኔ በየሌሊቱ በሕልሜ የሚመጣው ፈረስ ለካ እኔን ረስቶኛል።

ያም ሆኖ ጫኑት። ዊልቸሬን አንድ ጉብታ ላይ አወጡና ቦራን ከጎኑ አቆሙ። አያ ቸኮል ልጓሙን ያዙ፣ ይበልጣል በብብቴ ይዞ አንሥቶ ኮርቻው ላይ አስቀመጠኝ። ጀርባዬ መደገፊያው ላይ አረፈ፣ ቀበቶው ቀጭ ብሎ ተቆለፈ። አያ ቸኮል ሁለት ሦስቴ አስከፍተው አስቆለፉኝ። ከዚያ የእግሬ ነገር መጣ። ይበልጣል ከእርካቡ ጋር እንሰረው ሲል አያ ቸኮል ተቆጡ። «እግር አይታሰርም። እግሩን እርካብ የያዘበት ሰው ተጎትቶ ነው የሚሞተው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የእኛ አገር ፈረሰኛ እርካብ ውስጥ የሚያስገባው የእግሩን አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ሲወድቅ ወዲያው እንዲወጣ። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ስለዚህ እግሬን ሳያስሩ በሁለቱም ጎን እንዲንጠለጠል ተዉት። ከወገቤ በላይ ላለው ሁሉ ተጨነቁ፤ እግሬን ግን ሦስታችንም እንደ ሞተ ነገር ቆጠርነው። እኔ ከማንም በላይ።

ይበልጣል ገመዱን ይዞ መሳብ ጀመረ። አይ እንግዲህ ያን ሰዓት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። አጥሩ ወደ ታች ሄደ። የጎረቤታችን ጓሮ ታየኝ፣ ጎመኗን አየሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አየሁ። የአያ ቸኮልን ባርኔጣ ከላይ አየሁት። ዕንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ እስቃለሁ። ሜዳውን አንዴ ከዞርን በኋላ ይበልጣልን ገመዱን ፍታልኝ አልኩት። እሱ ወደ አያ ቸኮል ተመለከተ። እሳቸውም «ፍታላት» አሉ።

ፈታልኝ። ቦራ እርምጃ ጀመረ። ሁለት ሦስት እንደሄደ ፈጠን አለ። ዛቡን ሳብ አደረግሁት፣ ራሱን ወዘወዘና ወደ ሶምሶማ ገባ። «ረጋ በል ቦራ፣ ረጋ» እላለሁ፣ እሱ ይብስበታል። በሳብኩት ቁጥር አፉን ከፍቶ ይታገለኛል፣ እንደገናም ይፈጥናል። ከኋላዬ ይበልጣል ስሜን እየጠራ ሲሮጥ ይሰማኛል። ከዚያ ቦራ አንገቱን ዘርግቶ ሽምጥ ጋለበ።

መጀመሪያ ያበደ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ግን እግሬን አየሁት። በየእርምጃው እየተወዛወዘ ጎኑን ይመታዋል፣ በሁለቱም ተረከዝ፣ መታ መታ። እሱ በሮጠ ቁጥር እግሬ ይበልጥ ይወዛወዛል፣ እግሬ በተወዛወዘ ቁጥር እሱ ይብሳል። አላበደም። የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ለእኔ ዓመታት ዝም ያለኝ እግር ለቦራ ይናገር ነበር፤ ቦራም ይሰማው ነበር። ፊቴን ረስቶ ይሆናል፤ እግሬን አልረሳም።

ሞት ፊት ለፊቴ እያለ ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ደስ አለኝ። ነፋሱ ፊቴን ይገርፈዋል፣ ሣሩ ከሥሬ ይሸሻል፣ ይሄ ነው እኮ የናፈቀኝ አልኩ። ይህ ግን ለአፍታ ነው። ቀና ስል የዲከረንሱ ዛፍ እየቀረበ ነው። ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ ነው፤ የፈረስ ጀርባ ያሳልፋል፣ ቀና ብላ የታሰረች ሴት ግን አያሳልፍም። ጎንበስ እንዳልል ቀበቶው ይዞኛል። ቁልፉን ተጭኜ ልውደቅ ብል ደግሞ በተሰበረ ወገቤ ላይ ሌላ ስብራት ነው። አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አደረግሁ።

በዚህ መካከል ነው እናቴን ያየኋት። ገበያ ላይ አንድ ሰው ልጅሽ በባጃጅ ወደ ቤትሽ ስትወርድ አየኋት ብሏት፣ ልትጠይቀኝ መጣች ብላ ድንቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ በደስታ ተመልሳ ነበር። ከመንገዱ ዳር ቆማ አየችኝ። ቀና ብዬ፣ ከጀርባዬ እንጨት፣ ወገቤ ታስሮ፣ እግሬ እንዲሁ እየተንጠለጠለ። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት።

ያን ጊዜ ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ። ከወደቅሁ እናቴ ነጠላዋን ስትገልጥ የምታየው ሬሳ ነው።

«እማ!» አልኩ ባለኝ ድምፅ ሁሉ። «አለሁ! አለሁ እኮ እማ!»

ነጠላው ሲገለጥ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤው ይሁን እጄ በራሱ ያድርገው አላውቅም። ዛቡን በቀኝ እጄ ጠቅልዬ በግራ እጄ የሱሪዬን ጉልበት ጨመደድኩና ግራ እግሬን ወደ ላይ ጎትቼ ኮርቻው ላይ አጋደምኩት። አሁን የሚመታው ቀኙ ብቻ ነው። ቀኝ እግር ሲነካው ወደ ግራ ነው፤ እንዲያ ነው ያስተማርኩት። ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ ቀሰረ፣ ዛፎቹ ሥር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወደ ግራ ታጠፈ። አንድ ቅርንጫፍ ትከሻዬን ጫረኝና አለፈ። ሰውነቴ ሁሉ ወደ ውጭ ሲወረወር ቀበቶው ያዘኝ። ቀኝ እግሬ መምታቱን አላቆመም፣ ቦራም መዞሩን አላቆመም፤ ክቡ እየጠበበ፣ እሱም እየዛለ ሄዶ በመጨረሻ ላብ በላብ ሆኖ ቆመ። ይበልጣል ደርሶ ልጓሙን ያዘ። የፈረሱን አንገት አቅፎ ያለቅሳል።

አያ ቸኮልን ዊልቸሬ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ያንን ሳይ ሳቄ መጣ፣ በዚያ ሰዓት ማን ይስቃል።

እናቴ እያለከለከች ደረሰች። ቀበቶውን ልትፈታ በሁለት እጇ ትታገላለች፣ ትጎትታለች፣ አይፈታላትም። ቁልፉን ተጫንኩላት፣ ቀጭ ሲል ደነገጠች። ካወረዱኝ በኋላ ወደ አያ ቸኮል ዞረች።

«ባሌን ሰዎች በእንጨት ደግፈው አመጡልኝ፣ ቻልኩት» አለቻቸው። «ልጄንስ እርስዎ ያመጡልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።»

አያ ቸኮል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እግሯን ሳላስብ ቀረሁ አሉ። እናቴ ያኔ ነው ወደ እግሬ የተመለከተችው። ከእርካቡ ብረት ጋር ሲጋጭ ቆዳው ተልጦ ደም በደም ሆኗል። እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ቤት አስገብታ ቁስሉን በጨው ውኃ ስታጥብልኝ ሁሉንም ነገርኳት። እግሬ ጎኑን ስለመታው እንደሮጠ፣ አንዱን ሳነሣው እንደዞረ፣ ቦራ እንዳልረሳ። እሷ አቀርቅራ ታጥባለች። ጨርሳ ጨርቁን ጨምቃ አሰጣችና ወጣች።

እንዲበቃኝ ተመኝቼ አልነበር? ጨርሶ አልበቃኝም። የቀመሰ ይብስበታል፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ናፍቆቴ እጥፍ ሆነ። ቁስሉ እስኪድን ሻሹን እየፈታሁ አየው ነበር። በቁስሉ የሚደሰት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተደስቻለሁ። ሥራ ሠርቶ የመጣ እግር ነው።

ከዚያ እንደ ልማዴ መርፌዬን አነሣሁ። አያ ቸኮል ዳንግላ ተመልሰው በኮርቻው ግራና ቀኝ ሰፊ ቆዳ አስገጠሙ፤ እግሬ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነው፣ የፈረሱን ጎን አይነካም። እንዳይወዛወዝ የሚይዝ የእግር ሽፋን እኔ ሰፋሁ፤ ከቆዳው ጋር ያያያዝኩት ግን ሆን ብዬ በስስ ክር ነው፤ ብወድቅ ወዲያው ብጥስ እንዲል። በዚህ ዓይነት ይበልጣል ገመዱን እየያዘልኝ በዝግታ እየሄድኩ ከረምኩ፤ እናቴም አልከለከለችኝም፣ ኮርቻው ሲወጣ ግን ቤት ትገባለች። ማንም አልተጎዳም። ቦራ እንደ በግ ይታዘዛል።

ግን አንድ ነገር ጎደለብኝ። በዝግታ፣ በደኅና እየሄድኩ እግሬ እንደገና ዝም አለ። የሚሰማው አንድ ፍጡር አግኝቼለት፣ በራሴ እጅ የእግሬን አፍ ሰፋሁት።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቅዳሜ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ተስፋ አትቁረጡ ብዬ አልሰብካችሁም፤ ስብከቱን ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ። እኔ የምለው ይህን ነው። ቤታችሁ ውስጥ እንደኔ የተቀመጠ ሰው ካለ ምግቡንና መኝታውን ብቻ አትጠይቁት። ምን ያምርሃል፣ ምን ያምርሻል በሉት። መዋኘት ሊሆን ይችላል፣ ኳስ ሊሆን ይችላል፣ ዛፍ ላይ መውጣት ሊሆን ይችላል። አይቻልም ከማለታችሁ በፊት አንድ ቀበቶ፣ አንድ እንጨት፣ አንድ የበግ ቆዳ ፈልጉ። እንሳሳታለን፤ እኛም ተሳስተናል። ሰው ግን ናፍቆቱን ጥግ አስቀምጦ ጨርቅ አልብሶ መኖር የለበትም። የሞተ የመሰላችሁንም ነገር ሞቷል ከማለታችሁ በፊት ሌላ የሚሰማው እንዳለ ጠይቁ።

ባለፈው ጊዜ ገጠር ወርጄ ሜዳው ላይ ይበልጣል ሲያዘጋጀኝ እናቴ ከቤት ወጣች። ስጋልብ ቀርቶ ስጫን እንኳ ቆማ አይታኝ አታውቅም ነበር። መጥታ ቦራን ግንባሩን ዳሰሰችው፣ በአገራችን ቋንቋ፣ በአዊኛ፣ የሆነ ነገር አለችው። ከዚያ በቀኝ በኩል ዞራ እግሬ አጠገብ ቆመች። የእግር ሽፋኑን ክር በጣቷ ፈለገች፤ ልታጠብቀው ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጥርሷን ወደ ክሩ አስጠግታ በጠሰችው። ቀኝ እግሬ ተፈታ፤ እሷ ቆዳውን ወደ ላይ አጥፋ እግሬን በእጇ ይዛ የቦራ ጎን ላይ አሳረፈችው።

ይበልጣል «እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አላት።

«አንዱ ይናገር» አለች፣ ዓይኗን ከእግሬ ሳትነቅል። «ሁለቱ አንድ ላይ ሲናገሩ ነው ልጄን ሊገሉብኝ የነበሩት።»